የሎሚ ስኮን በሐበሻ ገበታ ላይ ስላለው ስፍራ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

ስለ እንጀራ ዓይን፣ ስለ ጌሾ መጠን፣ ስለ በረካ ስኒ ብዙ ተብሏል፤ ገናም ይባላል። እሑድ ረፋድ ላይ ከኦቭን ወጥቶ ቤቱን በሎሚ ሽታ ስለሚያውደው፣ ዳቦ ነው እንዳይሉት ስለሚፈረፈረው፣ ኬክ ነው እንዳይሉት ስኳር ስለሚያንሰው ስለ ስኮን ግን ሊቃውንቱ ዝም ብለዋል። ዝምታው ርእሱን ከመናቅ የመጣ ይሁን ወይስ በወቅቱ አፋቸው ሙሉ ስለነበረ ለማጣራት አልተቻለም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የተደረገ ጥረት ነው። ጥናቱ በቀጥታ ምልከታ ላይ የተመሠረተ ሲሆን የተሰበሰበው ናሙና በሙሉ እዚያው ገበታ ላይ ስለጠፋ፣ ውጤቱን ደግሞ መመርመር የሚሻ ተመራማሪ የራሱን መጋገር ይኖርበታል።

ስኮን በትውልዱ የምጣድ ልጅ ነው። አገሩ ስኮትላንድ ነው፤ በጽሑፍ ከተጠቀሰባቸው ቦታዎች ቀዳሚ ሆኖ የሚታወቀውም ባለቅኔው ጋቪን ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1513 የቨርጂልን «ኤኒድ» ወደ ስኮትላንድ ቋንቋ ሲመልስ የጻፈው ነው። የሮማን አመሠራረት በሚተርክ ታላቅ ድርሰት ውስጥ ስኮን ምን ሊሠራ እንደገባ ለሌላ ተመራማሪ እንተወዋለን። በጥንቱ ዘመን ከአጃ ወይም ከገብስ ዱቄት ተለውሶ፣ ክብ ሆኖ በብረት ምጣድ ላይ ይጋገርና በአራት ይቆረጥ ነበር። ማንኛዋም የጎጃም ባልቴት ብታየው ቂጣ ነው ብላ ታልፈዋለች፤ አልተሳሳተችምም።

ከቂጣነት ያወጣው አንድ ኬሚስት ነው። የበርሚንግሃሙ አልፍሬድ በርድ እ.ኤ.አ. በ1843 ሚስቱ እርሾ የማይስማማት ሆኖ ቢያገኛት ቤኪንግ ፓውደር ሠራላት። አንድ ባል ምግብ አልተስማማኝም ሲባል በተለመደው አሠራር «ተዪዋ እንግዲህ» ይላል፤ ቢበዛ ሐኪም ቤት ይወስዳል። ይኸኛው የዓለምን የዱቄት ሥራ ቀየረ። ድርጊቱ የባልነትን መመዘኛ ያለ አግባብ ያናረ በመሆኑ በባሎች ዘንድ በሰፊው አይወራም።

የነገሩ አሠራር ቀላል ነው። በፓውደሩ ውስጥ ሶዳና አሲድ ደርቀው ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ እርጥበት ሲነካቸው ይነቃሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ፣ ሊጡም ይነፋል። እርሾ ሌሊቱን ሙሉ የሚለፋበትን እነዚህ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ይጨርሱታል። ሊጥ አቡክታ፣ ሦስት ቀን ጠብቃ፣ አብሲት ስትጥል ለኖረች ሴት ይህ ፍጥነት ራሱ ጥርጣሬ ያሳድራል።

የባህል ግጭቱ የሚነሣው ግን በፍጥነቱ ሳይሆን በእጁ ነው። ለእኛ ሊጥ የሚታሽ ነገር ነው። የሴት ሙያ በሊጡ ላይ ይታያል፤ እጅ እስኪለቅ ድረስ ያልታሸ ሊጥ የስንፍና ማስረጃ ነው። ስኮን ደግሞ ተቃራኒውን ይጠይቃል፦ ከማቀዝቀዣ የወጣ የገበታ ቅቤ ከፉርኖ ዱቄት ጋር በጣት ጫፍ ይፈረፈራል፣ ፈሳሹ ይጨመራል፣ ይሰበሰባል፣ ይተዋል። ከዚያ በላይ ቢታሽ በዱቄቱ ውስጥ ያለው ግሉተን ይጠነክርና ፍርፍር ማለቱ ይቀራል። ሳይሟሙ የቀሩት የቅቤ ቁራጮች ኦቭኑ ውስጥ ሲቀልጡ ውሃቸው እንፋሎት ሆኖ ሊጡን ከውስጥ ይገፋዋል፤ የስኮኑ ድርብርብ የሚመጣው ከዚያ ነው። (የገበታ ቅቤ ጠፍቶ የተነጠረ ቅቤ የገባበት ሁኔታም ተመዝግቧል። የተነጠረ ቅቤ ውሃው አልቆ የወጣ ስለሆነ እንፋሎት የለውም፤ ኮረሪማ ግን አለው። ውጤቱ ከስኮን ጥናት ወሰን ውጭ ነው።)

በአንድ ቤት የታየው ለአብነት ይቀርባል። ልጅቱ ሊጡን ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው፤ ዱቄቱ እዚህም እዚያም ነጭ ነጭ ይላል፣ የቅቤው ቁራጭ በዓይን ይታያል። አክስቷ በር ላይ ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና እጃቸውን ታጥበው ቀረቡ።

«ይሄ እኮ ገና አልታሸም።»

«እትዬ፣ እሱ አይታሽም። እንደዚሁ ነው የሚጋገረው።»

«የማን ቤት ሊጥ ነው ሳይታሽ የሚጋገረው? እስኪ ዞር በይ።»

ቀጥሎ የሆነው ለሃያ ዓመት ዳቦ የደፋ ክንድ በአንድ ኩባያ ቅቤ ላይ የሚያደርሰው ነው። ከኦቭን የወጣው ነገር በቁመቱ ከብስኩት፣ በጥንካሬው ከኮብልስቶን የሚመደብ ነበር። አክስቲቱ ቀምሰው «አላልኩሽም? ዱቄቱ ጥሩ ዱቄት አይደለም» ሲሉ የምርመራውን ውጤት አሳውቀዋል።

የመቁረጫውም ጉዳይ ከዚህ የሚለይ አይደለም። ፈረንጆቹ ለዚህ የተሠራ ስለታም የቆርቆሮ ቀለበት አላቸው፤ በእኛ ቤት የሚቆረጠው በሻይ ብርጭቆ ነው። ብርጭቆ አፉ ደነዝ ስለሆነ ሰው ሳያስበው ያሽከረክረዋል፤ ሲሽከረከር የሊጡ ጠርዝ ይለሰናል፣ የተለሰነው ጎን አይነሣም። አንድ ትከሻው ወደቀ የተባለ ስኮን ሁሉ በብርጭቆ የተቆረጠ ነው ብሎ መደምደም ይቻላል። ቢላ አንሥቶ ሦስት ማዕዘን መቁረጥ ነገሩን ይፈታዋል፤ ነገር ግን ብርጭቆው ቅርብ ነው።

ወደ ሎሚው እንምጣ። የስኮን ሎሚ ጭማቂ ሳይሆን ልጣጭ ነው። ሽታው ያለበት ዘይት የሚገኘው በቆዳው ላይ ባሉት ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው፤ ጭማቂው የሚያመጣው ውሃና ኮምጣጣነት ብቻ ሲሆን፣ ከበዛም ሶዳው ገና ከኦቭን ውጭ ሳለ ጉልበቱን እንዲጨርስ ያደርገዋል። ስለዚህ ይፈቀፈቃል። የፈረንጁ የምግብ አዘገጃጀት «የአንድ ሎሚ ልጣጭ» ሲል የሚያስበው ግን ያን ወፍራም ቆዳ ያለውን፣ ትልቁን ቢጫ ሎሚ ነው። ከጉሊት የሚገዛው የእኛ ሎሚ ትንሽ ነው፣ ቆዳው ስስ ነው፤ መፈቅፈቂያው ሁለቴ ሲያልፍበት ነጩ ላይ ይደርሳል፣ ነጩ ደግሞ ይመራል። ሦስተኛ ጊዜ ሲያልፍ የሚደርሰው የተመራማሪው ጣት ላይ ነው። በዚህ ምክንያት አስተዋዮቹ ወደ ብርቱካን ዞረዋል። ውጭ አገር ያሉት ደግሞ ልጣጩ በሰም የተቀባ መሆኑን እያወቁ በሙቅ ውሃ ያሹታል። ወገን እጁ ማሸት ካልቻለ አይቀመጥም፤ እዚህ ላይ ቢያሸው ጉዳት የለውም።

ፈሳሹን በተመለከተ አንድ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። አዘገጃጀቱ ቅቤ ከተናጠ በኋላ የሚቀረውን ወተት ይጠይቃል። ይህን የማያገኝ ፈረንጅ በአንድ ኩባያ ወተት ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጎ፣ እስኪቋጥር ጠብቆ፣ እንደሆነለት አድርጎ ይጠቀማል። በሌላ አነጋገር፣ በሰለጠነው ዓለም ማእድ ቤቶች ውስጥ ሰዎች በሎሚ አሬራ ለማስመሰል ይደክማሉ። አሬራ ያለው ቤት ደግሞ አይብ አውጥቶበት፣ አጓቱን ለጥጃ ሰጥቶ፣ ሱፐርማርኬት ሄዶ በፕላስቲክ የታሸገውን ይገዛል።

አዲስ አበባ ላይ ለሚጋግር ሰው ሌላ እንቅፋት አለ፤ ይኸውም አዲስ አበባ ናት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፣ ውሃም በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ለለንደን በተጻፈ ልክ ቤኪንግ ፓውደር የጨመረ ሰው፣ ጋዙ የሚገፋው ነገር ስለሚያንሰው ስኮኑ በኩራት ሲነሣና ሳይጠና መሐሉ ሲሰምጥ በኦቭኑ መስታወት ያያል። መፍትሔው ፓውደሩን ቀነስ፣ ፈሳሹን ጨመር ማድረግ ነው። መብራት ከሄደ ግን መሐሉም ዳሩም እኩል ስለሚቀመጥ ከፍታን የሚመለከተው ንድፈ ሐሳብ አይሠራም።

የመብያ ሰዓቱን ስናጠና ያልተጠበቀ ነገር ገጥሞናል። ቁርስንና ምሳን አጋብቶ እሑድ ረፋድ ላይ አንድ ጊዜ መብላት ይገባል የሚለውን ሐሳብ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጋይ ቤሪንገር እ.ኤ.አ. በ1895 በጽሑፍ አቅርቧል፤ ከመከራከሪያዎቹም አንዱ ቅዳሜ ማታ ሲጠጣ ያመሸ ሰው እሑድ በማለዳ እንዳይነሣ የሚል ነው። የእኛ ሰው ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት እሑድ ረፋድ ላይ ሲበላ ኖሯል፤ ምክንያቱ ግን ከሌሊት ጀምሮ ለማሕሌትና ለቅዳሴ ቆሞ ውሃ እንኳ በአፉ ስላልዞረ ነው። አንዱ ከመሸታ፣ አንዱ ከመቋሚያ ተነሥተው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በእኩል ረሃብ ይገናኛሉ። ስኮኑ ከየት እንደመጡ አይጠይቅም።

እሑድ ፍስክ ከሆነ ነው ታዲያ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በረቡዕና በዓርብ፣ ቅቤውም ወተቱም እንቁላሉም አይነካም። የጾም ስኮን የሚሠሩ አሉ፤ በቀዘቀዘ የአትክልት ማርጋሪንና በኮኮናት ወተት ይሠራል። ክርክሩ የሚነሣው ማርጋሪኑ ላይ ሲሆን፣ የዕቃው ጀርባ ላይ ወተት አለበት የለበትም የሚለው ጽሑፍ ያለ መነጽር አይነበብም፤ መነጽሩ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ተረስቷል።

ማባያውን በሚመለከት እንግሊዞቹ ደም ሊፋሰሱ ደርሰዋል። የዴቨን ሰው ስኮኑ ላይ መጀመሪያ ክሬም፣ በላዩ ማርማላታ ያደርጋል፤ የኮርንዎል ሰው መጀመሪያ ማርማላታ፣ በላዩ ክሬም። እ.ኤ.አ. በ2018 በኮርንዎል የሚገኘው የላንሃይድሮክ ታሪካዊ ቤት ክሬሙ ከታች የሆነበትን ፎቶ በማስታወቂያ ቢያወጣ የአገሩ ሰው ተቆጥቶ፣ ቤቱን በሚያስተዳድረው ማኅበር ያለኝን አባልነት እሰርዛለሁ እስከማለት የደረሰ ነበር። በእኛ ገበታ ክሬም ስለሌለ ጦርነቱ አልደረሰንም። መርቲ ማርማላታ ይቀባል፤ ካለቀ ማር ይደረጋል።

የቀረው ዋናው ጥያቄ ነው፦ ስኮን ከምን ይመደባል? ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ለእንግዳ የሚቀርበው በዚያ ይወሰናልና። ኬክ ከሆነ ለልደት ይጠበቃል፣ በሹካ ይበላል፣ ልጆች ሳይፈቀድላቸው አይነኩትም። ዳቦ ከሆነ እያንዳንዱ ሲወጣ ሲገባ ይቆርሳል። ከቡና ጋር ከቀረበ ደግሞ ከቆሎና ከፈንድሻ ተርታ ገብቶ የቡና ቁርስ ይሆናል፤ በዚህ ተርታ የገባ ነገር እጅ በእጅ ስለሚዞር ሁለተኛው ስኒ ላይ አይደርስም። ፍርድ ቤት የዳኘው ተመሳሳይ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የግብር ሸንጎ ጃፋ ኬክ የተባለው የብርቱካን ጄሊ ያለበት ጣፋጭ ኬክ ነው ወይስ ብስኩት ተብሎ ተከራክረውበታል፤ ቸኮሌት የተቀባ ብስኩት ቀረጥ ሲከፈልበት ኬክ አይከፈልበትምና። ከተነሡት መመዘኛዎች አንዱ ሲያድር የሚሆነው ነው፦ ብስኩት ያደረ እንደሆነ ይለሰልሳል፣ ኬክ ይጠነክራል። ጃፋ ኬክ ይጠነክራል፤ ኬክ ነው ተብሎ ተፈረደለት።

ይህንኑ መመዘኛ ለመጠቀም ስኮን እንዲያድር ማድረግ ያስፈልግ ነበር፤ ከባዱ የጥናቱ ክፍል ይህ ነው። በመጨረሻ ከድስት ክዳን ሥር የተረሱ ጥቂቶች ተገኙ። ጠንክረዋል። ስለዚህ በሸንጎው ሕግ ስኮን ኬክ ነው ሊባል ሲል፣ እነዚያው አክስት ሰኞ ጠዋት የጠነከሩትን ሰብስበው፣ ሽንኩርት አቁላልተው፣ በርበሬ ጨምረው፣ ውሃ ጠብ አድርገው ፈረፈሯቸው። የብርቱካኑ ልጣጭ ከቁሌቱ ሥር አልፎ አልፎ ይሸታል። በጥናቱ በተመለከቱት ቤቶች ሁሉ ፍርፍር የሚሆነው እንጀራና ዳቦ ብቻ ነው፤ ኬክ ፈርፍሮ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ዳቦ ነው ተብሏል። ድስቱ እስኪጠረግ ድረስ ይግባኝ ያለ የለም።