ደም እና ሽንት በሸንጎ

ከቡሬ ወረድ ብሎ በርበሬ በሚያመርት አንድ ገበሬ ገላ ውስጥ ሙግት ተነሣ። ቫይረስ የሚሉት እንግዳ ጉበት ቤት ገብቷል። የራሱ ምድጃ የለውም፤ በሰው እሳት የሰው ዱቄት ይጋግራል። ጎተራው ሲጎድል አገሩ ታወከና ሽማግሌው ጣፊያ፣ ያ ያረጁ ቀይ ሴሎችን እየሰበሰበ የሚቀብረው፣ «ያየ ይመስክር» ብሎ ሸንጎ ጠራ።

ደም ኩታውን አጣፍቶ ተነሣ። «ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር የማልደርስበት የለም። እኔ እያለሁ ማን ይጠየቃል?»

እውነቱን ነው። ግን ደም የጨዋ ልጅ ነውና ገመና ይሸፍናል፤ ጎተራው እየተራቆተ እንኳ ከዚህም ከዚያም ተበድሮ ስኳሩን ልክ አድርጎ ይታያል።

ምራቅ ጣልቃ ገባ፦ «በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደጁን የጠበቀ ማን ነበር? እኔን ለመቅዳት መርፌም አያሻ።»

«ያኛው በአፍና በአፍንጫ ነበር የገባው፤ ይኼኛው ጓዳ ነው ያለው። ደግሞም አንተ ቁርስ ከተበላ የምታወራው ስለ ቁርሱ ነው» ብሎ ጣፊያ አስቀመጠው።

ሽንትን የጠራው አልነበረም። በር ሥር ቆሞ «አባቴ፣ ይፈቀድልኝ» አለ። «እኔ የምሸከመው የምትጥሉትን ነው። ሰሞኑን ጠቁሬ ጠላ መስያለሁ። ጉበት የሐሞቱን ቀለም ማስወገድ አቅቶት ወደ እኔ እየፈሰሰ ነው። የገበሬው ዓይን ገና ነጭ ነው፤ ቢጫ ሲሆን ግን ጎረቤቱ ሁሉ የወፍ በሽታ ይለዋል።»

ደም ሣቀ። «የፍሳሽ ምስክር! ሰውዬው ውኃ ቢጠጣ ቃሉ ይቀጥናል።»

«ይቀጥናል» አለ ሽንት፤ «ስለዚህ ጡንቻ በየቀኑ ያህል ለያህል ከሚጥለው ከክሬቲኒን ጋር አመዛዝኑኝ።»

ክርክሩ አላልቅ ሲል ሁለቱም በየብልቃጣቸው ሆነው በሚኒባስ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተላኩ። የደም ሴሎች ብልቃጥ ውስጥም ሆነው መብላት አይተዉም፤ ካልተጣሩና ካልቀዘቀዙ በየሰዓቱ ከስኳሩ ከመቶ 5 እስከ 7 እጅ ያህል ይጨርሳሉ። ያቺን የሐዲስ ዓለማየሁን ማንኩሳ ሲያልፉ ደም ስለ ስኳሩ ቡሬ ላይ የሰጠውን ቃል ለውጦ ነበር። የእንግዳውን ስም ግን አልደበቀም፤ ሄፓታይተስ ቢ ብሎ ተናገረ።

ጣፊያ ፈረደ፦ «ስም ሲፈለግ ደም ይጠየቅ። ከጓዳ የጎደለው ሲፈለግ ሽንት ገብቶ ይቀመጥ፤ ወንበሩንም ደም ያምጣለት።»

ደም ይግባኝ ብሏል። ወንበሩ እስካሁን አልመጣም።