ናቹራል ነሽ ሶሻል?

በእኛ ሰፈር አንድ ልጅ ከአሥረኛ ክፍል ሲያልፍ ስሙ ለአንድ ክረምት ይረሳል። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ናቹራል ነህ ሶሻል?» ምን ትወዳለህ የለ፣ ክረምቱ እንዴት ነው የለ። የደም ዓይነት ይመስል ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን መሆን ግድ ነው። ዘንድሮ ተራው የእኔ ልጅ ሆነና ይህን ጥያቄ ስሰማ ከረምኩ። እሷ መልስ አልነበራትም። ከመንደሩ ሁሉ መልስ ያልነበረው ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት።

የግቢያችን እማማ ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ፈረዱ፦ «ዶክተር ትሆናለች፤ የእኔንም ደም ግፊት እዚሁ ትለካልኛለች።» አክስቷ «ጎበዝ ልጅ ሶሻል ገባች ሲባል ሰው ምን ይላል?» አለች። ሰው የተባለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችንም። ከዋሽንግተን ዲሲ የሚደውለው አጎቷ ደግሞ ነርስ ትሁን ባይ ነው፤ እዚያ ነርስ ሥራ አያጣም አሉ። እዚያ በምን እንደምትሄድ ግን ስልኩ ተቋርጦ ሳንሰማ ቀረን። ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ፣ ከየት እንደመጣ የማናውቀው ሰውዬ ኮምፒዩተር ሳይንስን አጥብቆ መከረን። መውረጃው ባይደርስ ኖሮ የምታድርበትን ዶርም ጭምር ይመርጥላት ነበር።

እኔም ከእነሱ አልሻልም። «ምርጫው የራስሽ ነው» አልኳት፤ ጥሩ አባት እንዲህ ነው የሚለው። ቀጥዬ ግን «ናቹራል የተማረ ሰው በኋላ ወደ ሶሻሉ ፊልድ መዞር አያቅተውም፣ ከሶሻል ወደ ናቹራል ግን መመለሻ የለም» አልኳት። ልጅቷ ዝም ብላ አየችኝና «እና ምርጫው የማን ነው?» አለች። እናቷ ከጓዳ ሳቀች። እኔ ሬዲዮ ከፈትኩ።

ነገሩን የሚያከብደው ልጄ ባዮሎጂና ታሪክ መውደዷ ነው። አንዱን ብትወድ ኖሮ ይቀል ነበር። ቅጠል እየለቀመች መጽሐፍ ውስጥ ታደርቃለች፤ ያንኑ መጽሐፍ ግን የምታነበው ስለ ዓድዋ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስኬድ መንገድ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ የለም። ባዮሎጂ ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ጋር ታስራለች፣ ታሪክ ከጂኦግራፊና ከኢኮኖሚክስ ጋር። አንዷን የወደደ የእህቶቿንም ዕዳ ይከፍላል። ከሒሳብ ለማምለጥ ብለው ሶሻል የሚገቡትን ልጆች ባየሁ ቁጥር ደግሞ አንጀቴን ይበሉኛል። ሒሳብ ቀድማቸው ገብታ እዚያው ወንበር ላይ ትጠብቃቸዋለች፤ በማጠቃለያው ፈተናም እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ ለሁለቱም ወገን ናቸው። ይህን ቀድሞ የነገራቸው ሰው የለም።

የሚነግርማ ማን አለ? ከትምህርት ቤት የመጣው ፎርም የወረቀት እኩሌታ ነው። ሁለት ሳጥን፣ የተማሪ ፊርማ፣ የወላጅ ፊርማ፣ «እስከ ዓርብ ይመለስ»። የተሰጠን ረቡዕ ነው። የስልክ ጥቅል ስንገዛ እንኳ ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ እናነባለን። የትኛው ሳጥን ወደየትኛው ሙያ እንደሚያደርስ፣ አርክቴክቸር የሚፈልግ ልጅ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ሕግ የሚፈልግ በየት እንደሚገባ አንድ መስመር አልተጻፈም። የምክር አገልግሎት የሚል ቢሮ አለ ብለውኝ ሄድኩ፤ አለ። በሩ ላይ ቁልፍ፣ በመስኮቱ ሲታይ ደግሞ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች እስከ ጣሪያ ተቆልለዋል። ጥበቃው «አማካሪው ሌላ ክፍል ያስተምራሉ» አለኝ። ለመሆኑ ምን ያስተምራሉ ብል፦ «ስፖርት።»

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ የደረሰው በ2015 ዓ.ም. ነው። ግብርናን የመሰሉ ትምህርቶች ይዞ መጣ፤ ሐሳቡ ክፉ አይደለም፣ ልጆች በእጃቸው የሚሠሩት ነገር ይኑር ነው። ተማሪ ግን ሞኝ አይደለም። በማጠቃለያ ፈተና የሚቆጠሩት ስድስት ትምህርቶች መሆናቸውን ያውቃል፤ ስለዚህ የማይቆጠረውን መጽሐፍ ለሻይ ማስቀመጫ ያደርገዋል። የእኔ ጎረቤት ልጅ የግብርና መጽሐፉን አንድ ቀን ሲገልጥ አይቼው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ሲም ካርዱን ደብቆበት ነው።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም የሚሉ አሉ፤ በከፊል እውነታቸውን ነው። በአጼው ዘመን ኮምፕሬሄንሲቭ፣ ማለትም አጠቃላይ፣ በተባሉት ትምህርት ቤቶች ከቀለሙ ጎን ንግድ፣ የቤት አያያዝ፣ እንጨትና ብረት ሥራ ነበር። ታይፕ የተማረው ወጥቶ በታይፑ እንጀራ ይበላ ነበር። ዛሬ ከዚያ ሁሉ የቀረልን ስሙ ነው። የስንቱ ትምህርት ቤት በር ላይ «አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ» የሚል ተጽፏል! አጠቃላይ የሆነው የቱ ጋ እንደሆነ ግን በሩን አልፎ የገባ ሁሉ ፈልጎ አጥቶታል።

ልጆቹ እንደምንም ቢመርጡስ? የኛን አገር ምርጫ አይታችሁ እንደሆነ፣ ከመረጥክ በኋላ ሌላው ይመርጥልሃል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይሁን ብሎ ወሰነ። ያኔ የአገሩ እናት ሁሉ የኢንጂነር እናት ሆነች። የእኛ ሰፈር ብቻ አራት ሲቪል ኢንጂነር አስመርቋል፤ አንዱ ድልድይ ይሠራል፣ አንዱ ባንክ ቤት ገንዘብ ይቆጥራል፣ አንዱ በመተግበሪያ የሚጠራ ታክሲ ይነዳል፣ አንዱ ሌላ ዲግሪ ይማራል። ታክሲ የሚነዳው «መንገዱን ባልሠራውም እሄድበታለሁ» እያለ ይቀልዳል። እናቱ አትስቅም። አሁን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጣ፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። አራትና አምስት ዓመት ተምሮ፣ ጋውን ተከራይቶ፣ ዲግሪው ግን ፈተናውን ይጠብቃል።

ወደ መግቢያው እንመለስ። ፈተና ተሰረቀ፣ ተኮረጀ ሲባል የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተወስደው ተፈተኑ። ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። እንግዲህ ቁጭ ብለን ናቹራል ይሻላል ሶሻል እያልን የምንጣላው ከመቶ ዘጠና ሁለት ልጅ ለማያልፍበት በር ነው። በሩ ተዘግቶ ሳለ በቀኝ እግርሽ ግቢ፣ በግራ እግርሽ ግቢ እያልን ልጅቷን እናዋክባለን። ለነገሩ ማለፍም መጨረሻው አይደለም፤ ካለፉ በኋላ ምደባ አለ፣ ከፍሬሽማን በኋላ የዲፓርትመንት ሽሚያ አለ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው። ጥቂት ለጎደለው ሪሚዲያል የሚባል ማካካሻ ትምህርት አለ። ለቀረው ምን እንዳለ ግን ቡና ላይ የሚያነሳው የለም። የቴክኒክና ሙያን ስም የሚጠራው ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው የሞት መርዶ እንደሚያረዳ ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ምርቃቱ ነው። ልጄ እስከ ዛሬ ሁለቴ ተመርቃለች። መጀመሪያ ከኬጂ፤ ጋውኑ እግሯን ጠልፎ ጥሏት ስታለቅስ የተነሳችው ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። ቀጥሎ ከስምንተኛ። አሁን ደግሞ አሥራ አንደኛ ክፍልን ገና ሳትረግጥ የወላጅ ስብሰባ ተጠርተን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምርቃት መዋጮ ከወዲሁ በየወሩ ብናስቀምጥ እንደሚቀልለን ተመከርን። ጋውን፣ መጽሔት፣ አዳራሽ፣ ኬክ፣ ዲጄ። ከዚያ በፊት ከለር ደይ አለ፤ ነጭ ቲሸርት ገዝተህ ቀለም ረጭተህበት ትጥለዋለህ። የባህል ቀን አለ፤ ቀሚሱ አምና የለበሰችው መሆን የለበትም። መጽሔቱ ላይ የሚወጣ የስንብት ቃል አለ፤ ያንን የሚጽፍላት ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ የሚደረገው መቼ ነው? ከፈተናው በፊት። ውጤት ሳይመጣ። እልልታው ይቀልጣል፣ ፎቶው ይነሳል፣ አያት መርቀው ግንባር ይስማሉ፤ ከዚያ ልጁ ሄዶ ይፈተናል። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። አንዱን መምህር ምነው ከውጤት በኋላ ቢሆን ብዬ ጠየቅኩት። ሰውዬው ሐቀኛ ነው፦ «ያኔማ አዳራሹን ማን ይሞላዋል?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቅኩም፤ መዋጮዬን ከፍዬ ደረሰኝ ተቀበልኩ። በደረሰኙም ላይ «ለምርቃት» የሚል ተጽፏል። «ለላቦራቶሪ» የሚል ደረሰኝ የተቀበልኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

ትምህርት ሚኒስቴርን ልወቅስ ነበር የተነሳሁት፤ ሳስበው ግን እኛም አለንበት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ የምትኖርበትን ሙያ በሁለት ቀን ምረጪ ተብላለች፤ እኛ አንዲት ሶፋ ለመግዛት መርካቶን ሦስት ቅዳሜ ዞረናል። ለሶፋው ሻጩን ስንት ጥያቄ ጠየቅን! ልጅቷን ግን አንድ ሰው «ምንድን ነው ስትሠሪ ሰዓቱ የማይታወቅሽ?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም። እኔም የጠየቅኳት ሐሙስ ማታ ነው፣ ፎርሙ ሊመለስ አንድ ሌሊት ሲቀረው። እስከ አምስት ሰዓት አወራችኝ። ስለ ዕፅዋት፣ ስለ ድሮ ሐኪሞች ሥራ ሥር፣ ስለ ገዳማት መጻሕፍት። ግማሹ አልገባኝም፤ ሬዲዮውን ግን አልከፈትኩም።

ዓርብ ጠዋት አንዱን ሳጥን ራሷ ምልክት አድርጋ ፈረመች፣ እኔም ከሥሯ ፈረምኩ። የቱን እንደመረጠች አልነግራችሁም፤ አስተያየት ትሰጣላችሁ።