በመርከብ ላይ ስለማደር፦ ከጠዳ አንጻር የተደረገ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ ከጎንደር አጠገብ ካለችው ጠዳ የተነሣ የስካውት ክበብ አባል የጦር መርከብ ላይ አድሮ መመለስ ይችል እንደሆነ መመርመር ነው። ጉዳዩ እስከ ዛሬ ሳይጠና የቆየው ጠዳ ባሕር ስለሌላት ብቻ አይደለም። የጠየቀም የለም።

የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት እንደሚያሳየው በሠለጠነው ዓለም ነገሩ ብርቅ አይደለም። ለንደን፣ ቴምዝ ወንዝ ላይ የታሰረችው ቤልፋስት ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ተዋግታ ጡረታ የወጣች መርከብ ናት፤ ተማሪዎችና ስካውቶች በመርከበኞቹ አልጋ ላይ ሲያድሩባት ኖረዋል። የፊት መድፎቿ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የአውራ ጎዳና ማረፊያ ላይ አነጣጥረው ቆመዋል፤ ሹፌሮች ሻይ የሚጠጡበት ነው። አሜሪካ ውስጥ ፎል ሪቨር የምትገኘው ማሳቹሴትስም በስካውት አዳር የታወቀች ናት። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አለመንቀሳቀሳቸው ነው። ልጁ ማታ በተኛበት ቦታ ጠዋት ይነቃል። ጠዳ ላይ ለዚህ መርከብ አያስፈልግም፤ መደብ ይበቃል።

አገራዊ ናሙና ፍለጋ ስንገባ ችግር ገጠመን። ባሕር ኃይላችን «ኢትዮጵያ» የምትባል፣ ወደ 95 ሜትር የምትረዝም መርከብ ነበረችው። እ.ኤ.አ. በ1944 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ተሰልፋ፣ በ1962 ለእኛ ተላልፋ፣ ምጽዋ ላይ ንጉሡንም እጩ መኮንኖችንም ስታስተናግድ ኖራለች። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስለዚህ ስካውቶቻችንን «ኢትዮጵያ» ላይ ማሳደር የሚቻለው፣ ብረቷ ቀልጦ ምን እንደሆነ ካወቅን በኋላ ነው። ምናልባት የአልጋ ሽቦ ሆኗል፤ ያኔ ጥያቄው ተመልሷል ማለት ነው።

«ያኔውኑ ወደ ጣና ቢያመጧትስ ኖሮ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሐሳቡ ከደኅንነት አንጻር የሚናቅ አይደለም። የጣና ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ መርከቢቱ ብትሰጥም እንኳ ምሰሶዋ ከውሃው በላይ ይቀራል፤ ስካውቶቹም ምሰሶ መውጣት ይወዳሉ።

ናሙናው በዚህ ሁኔታ ስለጠፋ ጥናቱ በደጉ ጊዜ ጎርጎራንና ባሕር ዳርን በሳምንት አንዴ ስታገናኝ ወደነበረችው የጣና መርከብ ዞሯል። መድፍ የላትም። እህል፣ ፍየልና ቄስ ግን ትጭን ነበር። ደልጊን፣ ቁንዝላን፣ ደቅን፣ ዘጌን እየነካች ስትሄድ ሌሊት ስለማትጓዝ ቁንዝላ ታድር ነበር፤ ተሳፋሪውም ወርዶ ከተማ ያድር ነበር። ለንደን መርከቡ ቆሞ ልጁ ያድርበታል፤ ጣና ላይ መርከቧ ትሄዳለች፣ ሲመሽ ግን ልጁ የብስ ላይ ነው። መርከብ እየሄደ ሰው የሚያድርበት ሁኔታ በጥናቱ ወሰን ውስጥ አልተገኘም።

ይህን ክፍተት መጀመሪያ ያየው አጥኚው አይደለም። የክበቡ ልጆች በዚህችው መርከብ እንዲሄዱ ፈቃድ ለመፈረም ትምህርት ቤት የተጠሩ እናት ናቸው።

«መምህር፣ መሬት ጠፍቶ ነው ልጆቹን ውሃ ላይ የምታሳድሯቸው?»

«ኧረ እትዬ፣ አያስቡ። የሚያድሩት ቁንዝላ፣ መሬት ላይ ነው።»

«እንግዲያ መሬት ላይ ከሆነ እዚሁ አይተኙም?»

መምህሩ ለዚህ የሰጡት መልስ በመዝገብ አልሰፈረም። እናትየዋ ግን ፈርመዋል፤ ፈርመውም ስንቅ ማዘጋጀት ጀምረዋል።

የስካውት መፈክር «ዝግጁ ሁን» ነው። የጠዳ እናቶች ይህን የሚተረጉሙት በኪሎ ነው። በአንድ የልጅ ቦርሳ ውስጥ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ለማቅለሽለሽ የሚሸተት ሎሚ፣ ሎሚው ካልሠራ ደግሞ የሚከፈት ፌስታል፣ ከሁሉም በላይ በሁለት ሃይላንድ የተሞላ የጠዳ ውሃ ይገኛል። ልጁ የአገሪቱን ትልቁን ሐይቅ ሊያይ ውሃ ተሸክሞ ይሄዳል። (አጥኚው ይህን ሞኝነት አይለውም፤ የጣናን ውሃ ሳይፈላ የጠጣ ያውቀዋል።)

ጉዞው ለሐይቁ ጀርባ በመስጠት ይጀመራል። የጎርጎራው መንገድ የሚገነጠለው አዘዞ ላይ ስለሆነ ቅጥቅጡ መጀመሪያ ወደ ጎንደር አቅጣጫ ያፈገፍጋል፤ ከዚያ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ይወርዳል። ከመርከብ ሕመም ጋር የሚያያዙት ምልክቶች በሙሉ የሚታዩት እዚህ ላይ ነው፤ ገና ውሃ ሳይታይ። ሎሚው ጯሂት ሳይደርስ ያልቃል። ጎርጎራ ወደቡ ላይ የመርከቧ ሠራተኛ ገመዱን በአንድ እጁ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ ብረት ላይ ጠምጥሞ ሲያስር፣ ለዓመት ያህል ቋጠሮ ሲማሩ የከረሙት ስካውቶች አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። የእነሱ ሙያ ሥራ ላይ የዋለው ቀደም ብሎ ነው፤ የፌስታሎቹን አፍ ለማሰር።

ስለ ሌሊቱ የተገኘው መረጃ እርስ በርሱ ይጋጫል። ቁንዝላ ላይ እኩለ ሌሊት አካባቢ የተሰማው ድምፅ የጉማሬ ነው የሚሉ አሉ፤ የክበቡ ኃላፊ ማንኮራፋት ነው የሚሉም አሉ። የተኛ ልጅ ግን አልተገኘም። ስለዚህ «የመርከብ አዳር» ተብሎ ለወላጅ ኮሚቴ ሪፖርት የሚደረገው ነገር ሲመረመር መርከብም እንቅልፍም የለበትም። ልጆቹ ይህን አላስተዋሉም። በሚቀጥለው ዓመትም መዋጮውን ቀድመው ይከፍላሉ።

ለቀጣይ ጥናት የሚሆን አንድ አጋጣሚ አምልጦናል። በ2017 ዓ.ም. «ጣና ነሽ ፪» የምትባል መርከብ ከጅቡቲ ተነሥታ በከባድ ተጎታች ላይ፣ ተራራ እየወጣች፣ ብዙ ቀን ፈጅታ ባሕር ዳር ገብታለች። መንገድ ላይ ስንት ሌሊት አደረች! እውነተኛ መርከብ፣ ከታች ጠንካራ መሬት፣ ዳር ላይ ሻይ ቤት፤ የእናትየዋ ጥያቄም መልስ ያገኝ ነበር። የስካውት ክበቡ የፈቃድ ደብዳቤ ሊጽፍ አስቦ የቀረው ለመንገዶች አስተዳደር ይጻፍ ወይስ ለባሕር ጉዳዮች የሚለው ላይ ስብሰባው ሳይስማማ መርከቧ ስላለፈች ነው ተብሎ ይገመታል።