የእጥፋት ሊቆች

ጃፓናዊው አኪራ ዮሺዛዋ የፋብሪካ ሥራውን ትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በ94 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ወረቀት ሲያጣጥፍ ኖረ። ዓለምም «ሊቅ» አለው።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለውዝ የምትሸጥ ልጅም ለለውዙ መጠቅለያ ወረቀት ታጥፋለች፤ ያውም ያለ ሙጫ፣ ያለ መቀስ፣ ዓይኗን ከደንበኛው ሳትነቅል። ጥሬ ዕቃዋ አሮጌ ደብተር ነው። ደንበኛው ለውዙን ቆርጥሞ ሲጨርስ፣ የማያውቀው ተማሪ በሂሳብ ከ10 3 ማግኘቱን በነጻ ያነባል። (የአስተማሪው ቀይ «በርታ» ጨው ጨው ይላል።) «ሊቅ ነሽ» ያላት ግን የለም፤ «መርቂልኝ» እንጂ።

መስከረም 1 ደግሞ ወንዶቹ ልጆች በእጃቸው የቀቡትን አበባና መልአክ ይዘው በየበሩ ይቆማሉ። አባወራው ብር ይሰጣል፣ ሥዕሉን ይቀበላል፣ «ጎበዝ!» ይላል፤ ከዚያም መልአኩን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ይከተዋል።