የውኃን የኋልዮሽ ጕዞ ለመከልከል የወጣ የሳሎን አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!

እኛ፣ ሥዩመ ሳሎን፣ ዓቃቤ ሶኬት፣ መጋቤ ዓሣት፣ በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ምንጣፋችን በተዘረጋበትና ግድግዳችን በደረሰበት ወሰን ሁሉ ሥልጣናችን የታወቀ፣ ከሁሉ አስቀድመን ለውኃ፣ ቀጥሎም ለቤተ ሰባችን፣ ሻይ ሊጠጡ ለሚመጡ ዘመዶችና ለቧንቧ ሠራተኞች ይህን አዋጅ አውጀናል።

ልዑል እግዚአብሔር በዕለተ ሰኑይ ማያትን ከማያት ለይቶ ሐኖስን ከጠፈር በላይ፣ የቀረውን ከጠፈር በታች ባደረገ ጊዜ የላይኛው በታችኛው ላይ እንዳይወርድ ያጸናው በፓምፕ ስላልነበረ፤ እኛ ግን የዚያን ሥርዓት ጥቂት አምሳል በሳሎናችን ለማቆም ደፍረን፣ ርዝመቱ 120 ስፋቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነውን የመስተዋት ገንዳ ከነዓሣቱ ከላይ፣ ማጣሪያውንና ፓምፑን የያዘውን ሌላ ገንዳ ከሥሩ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ አኑረን፣ ውኃው በክብደቱ ወርዶ ከተጣራ በኋላ በፓምፑ ኃይል በመመለሻው ቧንቧ ዳግመኛ እንዲያርግ ስላደረግን፤ ይህም አገልግሎት ሌሊትና ቀን ሳይታጎል የሚፈጸም ቢሆንም፣ የመብራት መምጣትና መሄድ ከሥልጣናችን ውጭ ስለሆነ፤ መብራት በጠፋ ቁጥርም ውኃው ባረገበት ቧንቧ ያለ አንዳች የይለፍ ወረቀት ቁልቁል ሲኮበልል ስለተገኘ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የውኃ የኋልዮሽ ጕዞ መከልከያ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቤተ ሰቡ ከወዲሁ «የምንጣፉ ሕግ» እያለ መጥራት መጀመሩን ሰምተናል፤ አልከለከልንም።

አንቀጽ 2። የወንጀሉ ጠባይ ለሁሉ ግልጥ ይሆን ዘንድ እንዲህ ተብራርቷል። ቤንዚን ከመኪና ሰልባትዮ በጎማ ሲቀዳ ያየ ሰው፣ ሹፌሩ አንድ ጊዜ በአፉ ከሳበ በኋላ ቤንዚኑ ማንም ሳያስገድደው ወደ ታችኛው ጀሪካን መውረዱን እንደማያቋርጥ ያውቃል፤ በገንዳችን ግን መሳብ እንኳ አያስፈልግም፤ ፓምፑ ቧንቧውን አስቀድሞ በውኃ ሞልቶታልና፣ ፓምፑ ዝም ባለ ጊዜ ያው ቧንቧ ሲፎን ሆኖ የላይኛውን ገንዳ ወደ ታችኛው ማጋባት ይጀምራል። የቧንቧው አፍ ከውኃው ገጽ 15 ሴንቲሜትር ጠልቆ የተቀመጠ እንደሆነ፣ ገጹ እስከዚያ አፍ ዝቅ ብሎ አየር እስኪገባ ድረስ ፍሰቱን የሚያቆም ኃይል የለም። የገንዳችን አንድ ሴንቲሜትር ጥልቀት 6 ሊትር ስለሆነ፣ እስከዚያች ሰዓት የሚወርደው 90 ሊትር ነው፤ በታችኛው ገንዳ ያለው ባዶ ስፍራ 40 ሊትር ብቻ መሆኑን ያስታወሰ ሰው የቀረው 50 ሊትር ወዴት እንደሚሄድ ምንጣፉን ጠይቆ ይረዳ።

በዚህ ጉዳይ አንድ የተማረ የወንድማችን ልጅ ክርክር ስላነሣ መልስ ልንሰጠው ይገባል። የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ውኃን እስከ 10 ሜትር ያህል ደግፎ ሲይዝ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተቀመጠችው ከተማችን ግን ድጋፉ ከ8 ሜትር በታች ስለሚወርድ፣ ሲፎን በደጋ አገር ጕልበቱ ይደክማል ብሎ ነበር። ንባቡ ልክ ነው፤ ምሥጢሩ ግን ቀርቶበታል፤ ቧንቧችን ከላይኛው ውኃ ገጽ በላይ ከፍ የሚለው ስንዝር ያህል ብቻ ነውና፣ 8 ሜትሩም ቢሆን ለኮብላዩ ተርፎ የሚደርሰው ነው። ይህን ሁሉ የእስክንድርያው ሄሮን በአንደኛው መቶ ዓመት ስለ አየርና ስለ ውኃ ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ስለ ተቈለመመው ቧንቧ ሲናገር አትቶታል፤ ከእስክንድርያ ጳጳስ ባስመጣንባቸው በእነዚያ ሁሉ ዘመናት ያንን መጽሐፍ አብረን ብናስመጣ ኖሮ፣ ምንጣፋችን ዛሬ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ ባልታየ ነበር።

አንቀጽ 3። በመመለሻው ቧንቧ ላይ ተሹሞ ስለነበረው ዘበኛ፣ ማለት ስለ ቼክ ቫልቭ። ይህ ሹም ሽቅብ ለሚሄደው በሩን እንዲከፍት፣ ቁልቁል ለሚመለሰው እንዲዘጋ ታዝዞ የነበረ ሲሆን፣ ሲመረመር በምላሱና በመቀመጫው መካከል አንዲት ቀንድ አውጣ ገብታ፣ በዙሪያው ኖራና አረንጓዴ ሽበት ተጋግሮ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ሲያስተዳድር ተገኝቷል። በሰላም ጊዜ ጕድለቱ ስላልታወቀ የዘመናት ደመወዙን ተቀብሏል። ከሹመቱ አልሻርነውም፤ እየተፈታ እንዲታጠብ ሆኖ ባለበት ይቀጥላል፤ ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ የሳሎኑ ደኅንነት በእርሱ ታማኝነት ላይ ብቻ እንዳይመሠረት አዘናል።

አንቀጽ 4። ስለዚህ ሥልጣን ከዘበኛው ተወስዶ ለቀዳዳ ተሰጥቷል። በመመለሻው ቧንቧ ላይ፣ በገንዳው ውስጥ፣ ከውኃው ገጽ አንድ ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ፣ ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ በድሪል ይበሳል። ፓምፑ በቆመ ጊዜ የውኃው ገጽ ከቀዳዳው በታች እንደ ወረደ አየር ይገባል፤ አየር ከገባ የውኃው ሐረግ ይበጠሳል፤ ሲፎኑም በ90 ሊትር ፈንታ በ6 ሊትርና በቧንቧው ውስጥ በነበረው ጥቂት ውኃ ረክቶ ይቆማል። ደኅና ቧንቧ ገንዘብ አውጥተን ገዝተን ስለምን እንበሳዋለን ብለው ባለቤታችን ላቀረቡት ጥያቄ፣ ውኃ ዘበኛን እንጂ አየርን መደለል አይችልምና ነው ብለን መልሰናል፤ በመልሱ አልተደሰቱም። ፓምፑ በሚሠራበት ሰዓት ከቀዳዳው ውኃ ስለሚረጭ ፊቱ ወደ ታች ይዙር፤ ሽበትም እንዳይደፍነው በየወሩ በስንጥር ይጠረግ፤ የተደፈነ ቀዳዳ ካልተበሳ ቧንቧ የሚለይበት ነገር የለምና። የቧንቧውም አፍ ራሱ ወደ ገጹ ቀርቦ እንዲቀመጥ ታዟል፤ ቀዳዳው ቢደፈን እንኳ ጥፋቱ በዚያው ልክ ያንሣልና።

አንቀጽ 5። ታችኛውን ገንዳ «ጐደለ» እያሉ እስከ አፉ የሚሞሉ ደጋግ ሰዎች ከደግነታቸው እንዲታቀቡ ተማጽነናል። ያ ባዶ ስፍራ ለስደተኛው ውኃ የተጠበቀ ማረፊያ ነው። ልኩም በግምት አይወሰንም፤ በቀን ብርሃን፣ ሰው ሁሉ ቤት ባለበት፣ በዓል ባልቀረበበት ዕለት፣ የፓምፑ ሶኬት ሆን ተብሎ ይነቀላል፤ ከላይኛው ገንዳ መፍሰሻ የሚመጣውም ጭምር ወርዶ እስኪያበቃ ይጠበቃል፤ ታችኛው ገንዳ ሳይፈስ ከቻለው፣ ሶኬቱ ተመልሶ ውኃው በረጋበት ሰዓት የሚታየው ከፍታ በቀለም ይሰመራል። ከዚያ መስመር በላይ አንዲት ኩባያ የጨመረ በአንቀጽ 7 ይጠየቃል።

አንቀጽ 6። የዓሣቱን አየር የሚነፋው ትንሹ ፓምፕም በቀጭን ጎማው የመጣን ውኃ እንዳይጠጣና ከነኤሌክትሪኩ እንዳይሰጥም፣ ከውኃው ገጽ ከፍ ብሎ በግድግዳ ላይ ይሰቀል።

አንቀጽ 7። የፓምፑን ሶኬት ነቅሎ በቦታው ስልክ ቻርጅ ያደረገ ማንኛውም ሰው፣ ዕድሜውና ዝምድናው ሳይታይ፣ ምንጣፉን በትከሻው ተሸክሞ አራቱን ፎቅ ወርዶ ያጥባል፤ ደርቆም ይመልሰዋል። «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው» የሚለው መከላከያ ተቀባይነት የለውም።

አንቀጽ 8። ስለ ውጭ ግንኙነት። ከበታቻችን በሦስተኛው ፎቅ የሚኖሩት እማማ፣ በኮርኒሳቸው ላይ ስለታየው የውኃ ካርታ በመጥረጊያ እንጨት ያስተላለፉልን ተደጋጋሚ መልእክት ደርሶናል። ካርታው ወሰን የማስፋፋት አሳብ እንደሌለው በታላቅ አክብሮት አረጋግጠንላቸው፣ የቀለሙን ዋጋ ልንከፍልና ቀዳዳው በሚበሳበት ዕለት ለቡና ልንጠራቸው ቃል ገብተናል። እርሳቸውም ድሪሉን በዓይናቸው ካላዩ ቡናውን እንደማይቀምሱ አስታውቀዋል።

አንቀጽ 9። ይህ አዋጅ መብራት ከጠፋበት ደቂቃ ጀምሮ የጸና ይሆናል። መብራት ባለበት ጊዜ ግን ውኃው በገዛ ፈቃዱ የሚታዘዝ መስሎ እንዲኖር ተፈቅዶለታል።