ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የደረሱ ጄኔራሎች

እንግሊዛዊው ጄ. አር. አር. ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 በሦስት ቅጽ ያሳተመው «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ገና ሲጻፍ አንድ ነገር ብቻ ጎድሎት ነበር፤ እርሱም ብቁ የጦር አማካሪ ነውና፣ ጉድለቱን ከሶፋቸው ሳይነሡ ለመሙላት የተሰለፉ አንባቢዎችና ተመልካቾች ምስጋና ይገባቸዋል። ደራሲው ስለ ጦርነት የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1916 በሶም ግንባር በመገናኛ መኮንንነት ተሰልፎ ያየውን ብቻ፣ ያውም በቅማል በሚተላለፈው የምሽግ ትኩሳት ታሞ ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ ስለሆነ፣ የፈረሰኛ አሰላለፍን ከፊልም ካጠኑ ሊቃውንት ጋር እንዴት ሊወዳደር ይችላል?

ሊቃውንቱ አብዝተው የሚመኩበት የትልም ክፍተት፣ ማለትም በታሪኩ የምክንያትና ውጤት ሰንሰለት ውስጥ ተገኘ የሚሉት ቀዳዳ፣ የንስሮቹ ጉዳይ ነው። ግዙፎቹ ንስሮች ጠንቋዩን ጋንዳልፍን ከኦርታንክ ግንብ ካወጡት፣ በመጨረሻም ድንክዬዎቹን ሆቢቶች ፍሮዶንና ሳምን ከእሳተ ገሞራው ተራራ ካነሡ፣ መጥፋት ያለበትን የክፋት ቀለበት ገና ከጅምሩ በአየር ወስደው እሳቱ ውስጥ መጣል ምን ያቅታቸው ነበር? በዚህ ስሌት ከሺህ ገጽ የማያንሰው መጽሐፍ በሁለት ገጽ ያልቅ ነበር፤ የወረቀቱ ቁጠባም ቀላል አይደለም። ሞርዶር ሰማዩንም ምድሩንም የሚቃኝ ዓይን ያለው ጌታ አገር መሆኑ፣ ባሪያዎቹ ናዝጉሎችም ኋላ ላይ በክንፋም አውሬ ጀርባ መታየታቸው፣ የዕቅዱን ውበት እንዳያደበዝዝ ይታለፋል። ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1958 የፊልም ረቂቅ ሲተች ንስሮቹ አደገኛ መሣሪያ በመሆናቸው በቁጠባ እንደተጠቀመባቸው መጻፉም እንደ ተከሳሽ ቃል ብቻ ተቆጥሮ መዝገቡ ውስጥ ይገባል።

የጦር አዛዡ የፋራሚር ክስ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። ፒተር ጃክሰን ከመጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2003 በሠራው ፊልም ፋራሚር ፈረሰኞቹን አስከትሎ ቀስተኞች ወዳደፈጡበት ወደ ኦስጊሊያት ፍርስራሽ በግላጭ ሲጋልብ ያዩ ሁሉ፣ የላከውን አባቱን ዴኔቶርን ብቻ ሳይሆን ደራሲውንም ጦር ፍርድ ቤት ያቆማሉ። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ግልቢያ የለም፤ ፋራሚር የሚቆስለው ወታደሮቹን ይዞ ሲያፈገፍግ ነው። ይሁንና ዘመቻ ላይ ያለ ጄኔራል ለማንበብ ጊዜ ቢያጣ አይፈረድበትም።

ከታሪኩ ጀግኖች አንዱ የሆነው አራጎርን ሰባት ሺህ የማይሞላ ጦር ይዞ ወደ ሞርዶር ጥቁር በር መዝመቱንማ በአንድ ድምፅ ራስን ማጥፋት ይሉታል፤ የምሽግ መስበሪያ የለው፣ ተጠባባቂ ጦር የለው። ዘመቻው ድል ለመንሣት ሳይሆን ለመታየት፣ ማለትም የጠላትን ዓይን ከሁለቱ ሆቢቶች ላይ ለማንሣት የታሰበ መሆኑ በሰልፍ ስሌት አይገባም። የሞርዶሩ ጌታ ሳውሮንም ቀለበቱ እጁ የገባ ሁሉ ይነግሥበታል እንጂ ሊያጠፋው ይሄዳል ብሎ አላሰበምና፣ በሩ ላይ የቆሙትን ጥቂቶች ቆጥሮ የደረሰው ከዚያው ከሊቃውንቱ ድምዳሜ ላይ ነበር።