ኒውክሌሩ እስኪመጣ ከሰልሽን አትጣይ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ሐይቅ

እታለም፣ በድምፅ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። «ኒውክሌር የሚሉት መብራት ሊሠራ ነው አሉ፤ ከሰል መግዛት ሊቀርልን ነው እንዴ?» ብለሻል። አገሩ ሁሉ ምሁር ሞልቶ ሳለ ጥያቄውን ለሹፌር መላክሽ አስቆኝ ነበር። ነገር ግን ሰሞኑን ስለዚህ ጉዳይ የእኔን ያህል የሰማ ሐበሻ በሪያድ የሚገኝ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሾፍርለት ባባ እንደ ወንድሞቹ ግመል ወይም ጭልፊት አልወደደም፤ የወደደው አውሮፕላን ነው። ትልቁን እንዳይመስልሽ። አራት ሰው የምትይዝ፣ ሁለት ሰው በእጁ ጎትቶ ከጥላ የሚያወጣት ሴስና ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከሪያድ በስተሰሜን ወዳለው ሱማማ አደርሰዋለሁ። የሳዑዲ አቪዬሽን ክለብ ያለው እዚያ ነው። ክለቡን የመሠረቱት ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን በፈረንጅ 1985 ዲስከቨሪ በተባለችው መንኮራኩር ጠፈር ደርሰው የተመለሱ የመጀመሪያው ዐረብ ናቸው። ሰማይ ሰማይ ማየቱ እንግዲህ ከላይ የመጣ ነው።

ባባ ከመብረሩ በፊት ከክንፏ ሥር ጎንበስ ይልና ከነዳጁ ጥቂት በብልቃጥ ቀድቶ ወደ ብርሃን ያነሣዋል፤ ውኃ ገብቶበት እንደሆነ ሊያይ ነው። ቤንዚኑ እንደ ሰማይ ሰማያዊ ነው፤ ሊድ የሚባለው መርዝም አለበት። ከመኪና ቤንዚን ሊድ ከወጣ ስንት ዘመኑ! ለነዚህ ትንንሾች ግን ዛሬም ይጨመራል። እጁን ከዚህ ጠርጎ ይመጣና ስለ ከሰል ጭስ ጎጂነት ይከራከራል።

የከሰልና የኒውክሌር ክርክሩ የሚጀመረው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይዋ ስትበረታ አየሩ ስለሚያንገጫግጫቸው ሁሉም ወርደው ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ። እኔ ቀህዋና ተምሩን አዞራለሁ። እንግሊዝኛዬ ከአሥረኛ ክፍል የተረፈ ቢሆንም፣ ሰው ሲናደድ ቃል አይመርጥምና ይገባኛል።

አንዱ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። የአገሩ መብራት አብዛኛው ከድንጋይ ከሰል ነው፤ ያም ሆኖ ኩበርግ የሚባል የኒውክሌር ጣቢያ ከ1984 ጀምሮ አላቸውና በሱ ይምላል። ከፊቱ የሚቀመጠው ጀርመናዊ ነው። እነሱ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሪአክተሮች በኤፕሪል 2023 ዘግተዋል። ጀርመኑ «ቆሻሻው ለሺህ ዓመታት ይኖራል፤ ማን ይጠብቀዋል?» ይላል። ደቡብ አፍሪካዊው «የእናንተ ከሰል ጭስስ የት ሄዶ ነው የሚኖረው?» ሲለው ጀርመኑ ስኒውን እንድሞላለት ያቀብለኛል። አንድ ሽማግሌ እንግሊዝ ደግሞ ጭንቀቱ ሌላ ነው፦ «ጭስ ማውጫዎቹ ሁሉ ከፈረሱ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ምን ዐይቼ ነው የማርፈው?»

አንዱ አሜሪካዊ ደግሞ አንድ ጊዜ የተናገረውን ስሰማ የቡናው ማንቆርቆሪያ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። በ1950ዎቹ አሜሪካኖች ሪአክተር ተሸክሞ የሚበር ቦምብ ጣይ ነበራቸው። አውሮፕላኑ የሚበረው በራሱ ነዳጅ ነው፤ ሪአክተሩ የተጫነው ለሙከራ ነበር። አብራሪዎቹን ከጨረሩ ለመከለል ብቻ ብዙ ቶን ሊድና ጎማ ተሸክሞ 47 ጊዜ በርሯል! ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1961 ፕሮግራሙን ዘጉት። ደግ አደረጉ።

ባባ በበኩሉ አገሩ የከሰል ጣጣ የለባትም። እዚህ በበጋ ለሙከይፍ፣ ለአየር ማቀዝቀዣው ማለቴ ነው፣ የሚነደው ድፍድፍ ዘይቱ ራሱ ነው። «ይህን ሸጠን በኒውክሌር ብንቀዘቅዝ አይሻልም?» ይላል። መንግሥቱም በፈረንጅ 2010 ለአቶምና ለታዳሽ ኃይል አንድ ትልቅ ተቋም አቁሞ፣ 16 ሪአክተሮች አስባለሁ ብሎ ነበር። መብራት የሚሰጥ አንዱም ገና አልቆመም። ገንዘብ እንደ አሸዋ ባለበት አገር ማለቴ ነው። ይህቺን ልብ በያት።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው «ኢትዮጵያስ?» አሉ። ደረቴን ነፋሁ! «ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀ 5,150 ሜጋ ዋት ግድብ አለን፤ ያውም በገዛ ገንዘባችን» አልኩ። ባባ ስልኩን አውጥቶ ይደምር ጀመር። ኤምሬቶች በባራካ የተከሏቸው አራት ሪአክተሮች 5,600 ሜጋ ዋት ናቸው። «እኩያ ናችሁ» አለኝና ቀጠለ፦ ባራካ በዓመት 40,000 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ ከሕዳሴ ግድባችን የሚጠበቀው 15,700 ገደማ ነው። እኩል ጉልበት ካላቸው ሁለት በሬዎች አንዱ ሌት ተቀን ሲያርስ ሌላው ዝናብ እየጠበቀ ያርሳል እንደ ማለት ነው። ደረቴን መለስኩ። ግን እኮ ዕድሜያቸውም እኩል ነው፦ የባራካ ውል በፈረንጅ 2009 ማብቂያ ከኮሪያ ጋር ተፈርሞ አራተኛው ሪአክተር ሥራ የጀመረው በ2024 ነው፤ የእኛውም መሠረቱ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጥሎ በ14 ዓመቱ ተመረቀ። ለባራካ የወጣው ገንዘብ ግን የእኛን ብዙ እጥፍ ነው።

ዓርብ ይህን ሁሉ ይዤ ጉበይራ ወረድኩ። ጉበይራን ታውቂያታለሽ፣ በቪዲዮ አሳይቼሻለሁ፦ የእኛ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ቡና የሚጠጣባት፣ ከጁምዓ በኋላ እንጀራና በርበሬ የሚሸትባት ሰፈር ናት። ሰባት ሆነን የምንገናኝበት ክፍል ውስጥ ወሬውን ገና ስጀምር ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ስሚንቶ ፋብሪካ ጫኝ የነበረ ነው። «አገራችን መብራት ከከሰል አታወጣም፤ የድንጋይ ከሰሉ ስሚንቶ ማቃጠያ ነው፣ ከደቡብ አፍሪካ ድረስ ሲመጣ ኖሯል፤ ኒውክሌሩ ምኑን ነው የሚተካው?» አለ። እውነቱን ነው። ከያዮ የመጣ አንድ ልጅ ደግሞ ተቆጣ። የእነሱ ጫካ በፈረንጅ 2010 በዩኔስኮ የተመዘገበ የቡና ጫካ ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን ከሰል ነው። ከከሰሉ ማዳበሪያ ይመረትበታል የተባለው ፋብሪካ ሳያልቅ ቀረ። «ሁለቱንም አጣን፣ አሁን አቶም ትሉኛላችሁ» አለ።

ፀጉር ሊያስተካክለን የመጣው ግብፃዊ ይሰማ ነበርና ጣልቃ ገባ። ዳብዓ ላይ ሩሲያዎች እየሠሩላቸው ነው፣ አራት ሪአክተር፣ ከፈረንጅ 2022 ጀምሮ። «ለእናንተም እነሱው ናቸው» አለን። አልዋሸም፤ በእኛ መስከረም 2018 ሞስኮ ላይ ኢትዮጵያና ሩሲያ የተግባር ዕቅድ ተፈራርመዋል። «ግን ባሕር የላችሁም፣ በምን ታቀዘቅዙታላችሁ?» ብሎ ሳቀ። ሱማማ የሰማሁት እዚህ ጠቀመኝ፦ አሜሪካ አሪዞና በረሃ ውስጥ ያለው ፓሎ ቬርዴ የሚቀዘቅዘው ከከተሞች በተጣራ ፍሳሽ ነው። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ፤ ግብፃዊው ምላጩን ይዞ እስኪረጋጉ ጠበቀ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው እታለም። ጭሱን ለሚፈራ ኒውክሌር ከድንጋይ ከሰል ይሻላል፤ እኔ በደቡብ አፍሪካዊው በኩል ነኝ። ጀበናሽን የሚያፈላው ግን ከግራር የከሰለው ነው፤ እሱን የሚተካው ሪአክተር ሳይሆን እቤትሽ ድረስ የሚመጣ የማይቆራረጥ ሽቦ ነው። ግድቡ ተመርቆም የእናንተ ሰፈር ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ስንት ጊዜ በጨለማ አደራችሁ? የሰፈር ስብሰባ ሲጠሩሽ ስለ አቶም የሚጠይቅ አይጠፋም፤ አንቺ ግን እጅሽን አውጥተሽ ትራንስፎርመሩ መቼ እንደሚቀየር ጠይቂልኝ፣ መልሱንም በድምፅ ላኪልኝ።

ብሩን ሰኞ እልካለሁ፤ ከሱ ላይ ለክረምት የሚሆን አንድ ጆንያ ከሰል ግዢበት።

ዱዓችሁ አይለየኝ።
ወንድምሽ፣ ከጉበይራ፣ ሪያድ